ታምቡሩን አውጥቼ ዲስክ ላስገጥምበት?

ከጋራዡ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ካርቡራቶርና ስለ መብራት የጻፋችሁልኝ ለሚቀጥለው እትም ታገሱኝ። የዛሬው ዓምድ ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ፍሬን ብቻ ነው። ሞተር አልነሳ ቢል ሰው ከቀጠሮው ይዘገያል። ፍሬን እምቢ ሲል ግን የሚመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1972 ሆንዳ ሲቢ 350 ገዝቻለሁ። ሞተሩ ምንም አይወጣለትም። የፊት ፍሬኑ ግን ያስፈራኛል። ማንሻውን ስጨብጠው እስከ መሪው ድረስ ይመጣል፤ ሞተሩ ግን እንደፈለገ ነው የሚቆመው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ሲይዝ ልቤ ቀጥ ይላል። አንድ ጓደኛዬ «የታምቡር ፍሬን ድሮ ቀረ። የፊት ጎማውን ከያዘው ፎርኬታ ጋር አውጣውና ከሌላ ሞተር ዲስክ ግጠምበት» አለኝ። ዕቃውን ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ልገዛው ነው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ያዝ። ጓደኛህ ለአንተ አስቦ ነው የተናገረው። ግን አንተ የያዝከው ፍሬን ሆንዳ የሠራው ፍሬን አይደለም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፍሬን ነው። መጀመሪያ የፋብሪካውን ፍሬን መልሰህ አግኘው። ያኔ አነሰኝ ካልክ ስለ ዲስክ እናወራለን።

ምን እንደያዝክ ልንገርህ። ተራ የታምቡር ፍሬን ውስጥ ሁለት ሸራዎች አሉ፤ የሚከፍታቸው ግን አንድ ካም፣ ማለትም ሲዞር የሚገፋቸው ብረት፣ ነው። ከሁለቱ አንዱን ታምቡሩ ሲዞር ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ስለዚህ አጥብቆ ይነክሳል። ሌላኛውን ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ሥራው ትንሽ ነው። የአንተ ሲቢ 350 የፊት ታምቡር ግን ሁለት ካም አለው። ሁለቱም ሸራዎች ከታምቡሩ ጋር ተባብረው ይነክሳሉ። ከውጭ በኩል ሁለት ክንድና የሚያገናኛቸው ቀጭን ዘንግ የምታየው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትልልቆቹ የውድድር ሞተሮች የሚቆሙት በዚህ ዓይነት ፍሬን ነበር። በደንብ ከተስተካከለ የአንተን 325 ሲሲ ሞተር የፊት ጎማ ሊያስጮኸው ይችላል። ካልተስተካከለ ግን ከተራው ታምቡር ይብሳል። አንዱ ሸራ ሥራ ሲጀምር ሌላው ገና መንገድ ላይ ነውና።

ሥራውን ከጎማ ጀምር። ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው፤ ሞተሩን የሚይዘው ደግሞ ጎማው አስፋልቱ ላይ ያለው ንክሻ ነው። በጎማው ጎን ላይ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ፈልግ። 2309 የሚል ካገኘህ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሲያይ ደስ ይለዋል። ጎማው ግን ቆሞም ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ላይ ምርጥ ፍሬን ብትገጥምበት ቶሎ ከመንሸራተት በቀር የምታተርፈው የለም።

ቀጥሎ ኬብሉ። ይህን አትጠግነው፣ አዲስ ግዛ። የአሮጌ ኬብል የውጭ ሽፋን ማንሻውን ስትጨብጥ ይጨመቃል። ያወጣኸው ጉልበት እዚያው ይቀራል፤ ታምቡሩ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ማንሻው እስከ መሪው ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አዲሱን ስትዘረጋ ጠባብ መታጠፊያ አታብጅለት። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙረህ እንዳይወጠር እይ።

አሁን ጎማውን አውርድና ሸራዎቹ የተሰቀሉበትን ሳህን ክፈት። እዚህ ላይ አደራ የምልህ ነገር አለ። ያን ጥቁር አቧራ በአፍህም በኮምፕሬሰርም እፍ እንዳትል። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ነበር። ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ካንሰርም ያመጣል። በሳሙና ውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገውና ጨርቁን በላስቲክ አስረህ ጣል። አገር ቤት ያሉ ልጆችም ይህን እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። በየጋራዡ ታምቡር በነፋስ ሲጸዳ ባየሁ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል።

ሸራዎቹን እያቸው። መስታወት ሆነው የሚያብረቀርቁ ከሆነ በሙቀት ተበልተዋል። ውፍረታቸው ገና ቢሆን እንኳ እንድትቀይራቸው እመክርሃለሁ። ምክንያቴ ሙጫው ነው። ሸራው ከብረቱ ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ሙጫ ይለቃል። እየነዳህ ሳለ ሸራው ተላቆ በብረቱና በታምቡሩ መካከል ከተሰነቀረ የፊት ጎማህ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። አሜሪካ ውስጥ የድሮ ሸራህን ተቀብለው አዲስ የሚለጥፉልህ ባለሙያዎች አሉ። ለአሮጌ ሞተር ለስለስ ያለውን ዓይነት ጠይቃቸው። እሱ ሳይሞቅም ይይዛል።

ካሞቹን አውጥተህ የደረቀውን ግራሶ ጠራርግ። ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀባ። ስሱ ያልኩት በምክንያት ነው። የተረፈው ሲሞቅ ቀልጦ ሸራው ላይ ይፈሳል፤ ግራሶ የነካው ሸራ ደግሞ ተመልሶ አይድንም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ መጣ። አዲስ ሸራ ስትገጥም ቅስቱ ከታምቡሩ ቅስት ጋር በትክክል አይገጥምም። ጫፍና ጫፉ ብቻ ይነካል፤ ወይም መሐሉ ብቻ። ማንሻው እንደ ስፖንጅ የሚሰማህ በዚህ ነው። ሸራው ከመንከስ ይልቅ ይታጠፋል። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ነው። መጀመሪያ ታምቡሩ ክብ መሆኑን አስለካ። ራጂዎቹ እኩል ካልተወጠሩ ታምቡሩን ይጎትቱትና ሞላላ ያደርጉታል። ስለዚህ ታምቡር የሚጠረበው ጎማው ከነራጂውና ከነቸርኬው እንዳለ ነው። ለብቻው አስጠርበህ በኋላ ራጂ ብትወጥርበት ልፋትህ ከንቱ ነው። ከምን ያህል በላይ መጠረብ እንደሌለበት የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ይነግርሃል፤ ከዚያ አትለፍ። ቀጥሎ ሸራዎቹ ሳህኑ ላይ እንደተገጠሙ በታምቡሩ ልክ ይጠረባሉ።

ቶርኖ ካላገኘህ ጠመኔ ይበቃሃል። ሸራውን በሙሉ ጠመኔ ቀባው። ጎማውን ግጠም፣ በእጅህ አሽከርክር፣ ፍሬኑን ቀስ ብለህ ያዝ። ፍታና እይ። ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ ነው የሚነካው። እዚያ ብቻ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፍቀው። ደግመህ ቀባ፣ ደግመህ ግጠም። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሲነካ የምታገኘው ፍሬን ሌላ ሞተር የገዛህ ያስመስልሃል። በመጨረሻም መጀመሪያ የሚነክሰውን የሸራ ጫፍ በትንሹ በሊማ አስተኛው፤ አለዚያ ይጮህብሃል፣ በድንገትም ይነክሳል።

ሁለቱን ክንዶች ማስማማት ቀጥሎ ነው። የሚያገናኛቸውን ዘንግ በአንድ በኩል ፍታ። አንዱን ክንድ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ግፋውና ያዘው። ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱም በነኩበት ቦታ የዘንጉ ቀዳዳ ከክንዱ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ የዘንጉን ርዝመት እያዞርክ አስተካክል። ፒኑ ያለ ግፊት ሲገባ ሁለቱ ሸራዎች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ ማለት ነው። የዘንጉን ዳዶ በደንብ አጥብቅ። ብዙ ጊዜ ለደካማ ታምቡር ፍሬን ጥፋቱ ያለው እዚህች ዘንግ ላይ ነው። የነካት ሰው ሳይኖር ሞተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ይኖራል።

የክንዱን ማዕዘንም ተመልከት። ፍሬኑን አጥብቀህ ስትይዝ ኬብሉና ክንዱ ዘጠና ዲግሪ አካባቢ ሊገናኙ ይገባል። ክንዱ ከዚያ ካለፈ በጨበጥክ ቁጥር ጉልበት ታጣለህ። ሸራ ሲያልቅ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንዳንድ መካኒኮች ያኔ ክንዱን ነቅለው በአንድ ጥርስ አዙረው ይመልሱታል። ማንሻው ለጊዜው ይስተካከላል። ነገር ግን ያለቀ ሸራ ላይ ካሙ ከልኩ በላይ ይዞርና ተገልብጦ ሊቀር ይችላል። ያኔ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። በካሙና በክንዱ ላይ የተወጉ ነጥቦች አሉ፤ ሁለቱ ይግጠሙ።

ጎማውን መልሰህ ስትገጥም ፔርኖውን ወዲያው አታጥብቅ። ዳዶውን አላላው፣ ጎማውን አሽከርክር፣ ማንሻውን አጥብቀህ ጨብጥ። እንደጨበጥክ ሌላ ሰው ዳዶውን ያጥብቅልህ። ሳህኑ በታምቡሩ መሐል የሚቀመጠው እንዲህ ነው። ከዚያ ሰው የሌለበት መንገድ ፈልግና ከመካከለኛ ፍጥነት እየያዝክ፣ እያቀዘቀዝክ ሸራውን አላምደው። አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ በዚያ ቀን ወደ ትልቁ መንገድ አትውጣ።

አሁን ስለ ዲስኩ። የሌላ ሞተር ፎርኬታ ማስገባት ማለት ዲስክ ማስገባት ብቻ አይደለም። የፎርኬታው ርዝመት ከተለየ የመሪው ማዕዘን ይለወጣል፤ ሞተሩ መንገድ ላይ የሚሄድበት ጠባይ ይለወጣል። የመሪው ኩሽኔታ ላይገጥም ይችላል። የፊት ቸርኬ፣ ፔርኖ፣ የፍጥነት መለኪያው ማርሽ፣ የፍሬን ፓምፕ፣ የመብራቱ መያዣ ሁሉ አብሮ ይመጣል። እነዚያም የሃምሳ ዓመት ዕቃዎች ናቸው፤ ዲስኩን የሚጨብጠው ካሊፐር ዝጎ፣ ቱቦው ደርቆ ነው የሚደርስህ። አንዱን አሮጌ ፍሬን በሌላ አሮጌ ፍሬን ትቀይራለህ ማለት ነው። ሥራው በባለሙያ ተለክቶ ከተሠራ አልቃወምም። ዝናብ ውስጥ ብዙ የምትነዳ ወይም በ495 አውራ ጎዳና ላይ ሰው ጭነህ የምትመላለስ ከሆነ ዲስክ ጥቅም አለው፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ በእጅህም እኩል ይሰማሃል። ለቅዳሜና እሁድ ሽርሽር ግን የሆንዳ ታምቡር ይበቃሃል። ሞተርህም እንደተወለደ ይኖርልሃል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። የግብርና ባለሙያ ሆኜ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴን አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 በጨረታ ገዛሁ። ከተማ ውስጥ ፍሬኑ ደህና ነው። ከደጀን ወደ አባይ ስወርድ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፋል። ድልድዩ ጋ ስደርስ የለም ማለት ይቻላል። ቀዝቀዝ ሲል ይመለሳል። ሸራው አዲስ ነው፤ እዚሁ ነው ያስለጠፍኩት። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ ደህና ወርደው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ያገኘዎት በሙቀት የመጣ መድከም ነው። ታምቡር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከሸራው ይርቃል። ሸራውም ሲግል ይንሸራተታል።

ስሌቱን ላሳይዎት። እርስዎና ሞተሩ ከነጭነቱ 240 ኪሎ ትሆናላችሁ እንበል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ አንዴ ቢያቆሙ ፍሬኑ ወደ 59 ኪሎ ጁል ሙቀት ይቀበላል። አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርዱ ግን የሚለቀቀው ጉልበት ከ2,300 ኪሎ ጁል ይበልጣል። ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አርባ ጊዜ ያህል ማቆም ማለት ነው። የአባይ ሸለቆ ቁልቁለት ደግሞ ከሺህ ሜትር ይበልጣል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል። የቀረው ትንንሾቹ ታምቡሮችዎ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ የእርስዎ ሞተር አንድ ድካም አለው። ባለ ሁለት ምት ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በማርሽ ሲያዝ እንደ ባለ አራት ምቱ አይጎትትም። ከዚያም በላይ ኤጂ 100 ዘይት የሚያገኘው ከጋዙ መክፈቻ ጋር በተያያዘች ፓምፕ ነው። ጋዙን ሙሉ በሙሉ ዘግተው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮሁ ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ ፒስተኑ ዘይት ይጠማዋል፤ ተጣብቆ ሊቀርም ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ግን በየተወሰነው ርቀት ጋዙን ትንሽ ከፈት አድርገው ይዝጉ። ዘይት እንዲያገኝ ነው።

ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀንሱ። ፍሬኑን በስሱ ይዘው አይውረዱ። እንዲያ ሲያደርጉ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም። ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ይቀንሱና ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፤ ነፋስ ይግባበት። የፊቱንም የኋላውንም ይጠቀሙ። በአገራችን የፊት ፍሬን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ «ይገለብጣል» ይባላል። ቁልቁለት ላይ ግን ክብደቱ ያለው ፊት ጎማ ላይ ነው። የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ሥራውን ሁሉ ለደካማው ይሰጠዋል። ጠጠር ላይ ብቻ የፊቱን በጥንቃቄ ይያዙ። መሐል ላይ ቆመው ያሳርፉት። የጋለ ታምቡር ላይ ግን ውሃ አያፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ወደ ሸራው ልምጣ። ያስለጠፉት ከምን ዓይነት ሸራ እንደተቆረጠ ይጠይቁ። ብዙ ቦታ የሚለጥፉት ከጭነት መኪና ሸራ የተረፈውን ነው። የጭነት መኪና ሸራ ጠንካራ ነው፤ ለከባድ ክብደትና ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ነው። ትንሽ ሞተር ላይ ሲለጠፍ ሳይሞቅ አይነክስም፤ ስለዚህ እርስዎ አጥብቀው፣ አስረዝመው ይይዛሉ፤ ታምቡሩም ያለ ልክ ይግላል። ለሞተር ብስክሌት የተሠራ ሸራ ያስፈልጉ። ዋጋው ቢበልጥም ከዚህ ቁልቁለት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ቀደም ሲል ለልጃችን የጻፍኩትን የጠመኔውን ሥራም ያሠሩ። እኩል የማይነካ ሸራ የነካው ቦታ ብቻ ይጋያል።

ዲስክ ለማስገጠም አይድከሙ። ለኤጂ የሚሆን ዕቃ ፍለጋ የሚያጠፉት ገንዘብ ጥሩ ሸራ፣ አዲስ ኬብልና አዲስ ጎማ ገዝቶ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከፍራንክፈርት ነው የምጽፍልዎ። ባለ አንድ ዲስኩ ሆንዳ ሲቢ 750 አለኝ። ማንሻው ለስላሳ ነበር። አንድ መካኒክ ተለቅ ያለ የፍሬን ፓምፕ ገጠመልኝ። አሁን ማንሻው ድንጋይ ሆኗል፤ ግን ሞተሩ ከበፊቱ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ሁለተኛ ዲስክ ልጨምርበት?

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ጥሩ ሞተር ነው የያዝሽው። ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 ገበያ ሲወጣ የፊት ዲስክ ከፋብሪካ ይዞ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። አሁን ማንሻው የጠነከረብሽ ፓምፑ ስለተሻለ አይደለም። የፓምፑ ፒስተን ሲወፍር ማንሻው ይጠነክራል፤ ለካሊፐሩ የሚደርሰው ግፊት ግን ይቀንሳል። ለምሳሌ ከ14 ሚሊ ሜትር ወደ 16 ብትሄጂ በዚያው የእጅ ጉልበት የምታገኚው ግፊት ሩብ ያህል ይወርዳል። ጠንካራ ማንሻ ጥሩ ፍሬን የሚመስላቸው መካኒኮች ብዙ ናቸው። ለአንድ ዲስክ የተሠራውን ፓምፕ በአዲስ ጎሚኒ አስጠግነሽ መልሺው።

ለስላሳነቱ የመጣው ከቱቦው ይመስለኛል። የድሮ የጎማ ቱቦ በግፊት ይነፋል። ከውስጥ ሲላጥ ደግሞ ዘይቱን ያሳልፍና አይመልስም፤ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። በሽቦ የተሸመነ ቱቦ አስገቢ። በዚህ ሞተር ላይ ባነሰ ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

ከዚያ ካሊፐሩን አስከፍቺ። ይህ ካሊፐር ፒስተኑ አንድ ብቻ ነው። አንዱን ሸራ ይገፋል፤ ሌላው ሸራ ዲስኩን የሚነካው ካሊፐሩ የተሰቀለበት ክንድ በፒኑ ላይ ሲወዛወዝ ነው። ፒኑ ከዛገ አንዱ ሸራ ብቻውን ይሠራል። የምትይዢው በግማሽ ፍሬን ነው ማለት ነው። ሸራዎቹን አውጥተሽ አነጻጽሪያቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ካለቀ ምክንያቱን አገኘሽው። ፒኑ ይጽዳ፣ ግራሶ ይግባ። ካሊፐሩ ላይ ያለችው ማስተካከያ ብሎንም በጥገና መጽሐፉ መሠረት ትስተካከል።

ዝናብ ላይ የሚዘገይ ከሆነ አትደንግጪ። የዚያ ዘመን የማይዝግ ብረት ዲስክ እርጥብ ሲሆን ትንሽ ቆይቶ ነው የሚይዘው። ዝናብ ውስጥ ስትነጂ በየጊዜው ማንሻውን በስሱ እየነካሽ ዲስኩን አድርቂው። ርቀትሽንም ጨምሪ።

ሁለተኛ ዲስክ ይቻላል፤ በ1970ዎቹም ባለቤቶች ያደርጉት ነበር። ያኔ ነው ተለቅ ያለው ፓምፕ ቦታውን የሚያገኘው። ነገር ግን ጀርመን ነሽ። እዚያ ያልተፈቀደ የፍሬን ለውጥ የሞተሩን የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። በሽቦ የተሸመነውንም ቱቦ ስትገዢ የፈቃድ ወረቀቱ አብሮ ይምጣ። የታሪካዊ ተሽከርካሪ ኤች ሰሌዳ ካለሽ ደግሞ ለውጡ ለሞተሩ ዘመን የሚስማማ መሆን አለበት። ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ተሽከርካሪ ወደሚመረምረው ድርጅት፣ ወደ ቲዩፍ፣ ሄደሽ መርማሪውን ጠይቂው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ አንዱን ዲስክ በትክክል አሠራለሁ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። ዶት 5 የሚባለው የፍሬን ዘይት ከዶት 4 ይበልጣል ብለው ሸጡልኝ። አሮጌው ዘይት ላይ ልጨምረው?

መልስ፦ አትጨምር። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ደግሞ ግላይኮል ናቸው። ከሲሊኮኑ ጋር አይዋሃዱም። ቁጥሩ ስላደገ ብቻ የአንተ ሞተር ዘይት አይሆንም። የፓምፑ ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብብና እሱኑ ተጠቀም። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲቆይ ግን ይህ ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ ከታሸገ ጠርሙስ ቅዳ፤ ተከፍቶ የከረመውን አትግዛ። በሁለት ዓመት አንዴም ሙሉ በሙሉ ቀይረው። ቀለም ይበላልና ታንከሩ ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ እጠበው።